ከግርጌ ያለው ፊርማ

ዶክተር ሹክረላህን የገደለው ሰው ዘነዘናውን አጥቦ ወደ ቦታው መልሶታል። ወረቀት በባሕሩ ነፋስ እንዳይበተን የሚጫንበት የናስ ዘነዘና ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ዕቃ ሁሉ አቧራ ለብሷል፤ እሱ ብቻ ያብረቀርቃል። ሃምሳ አለቃ ረስላን ይህን ያየው ገና ከበሩ ሳያልፍ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያየውን ሲናገር፣ የተናገረው በሌላ ሰው ስም ሲጻፍ ኖሯልና ቶሎ መናገር ትቷል።

ሟቹ ማጅራቱ ተፈንክቶ በጠረጴዛውና በመደርደሪያው መካከል በግንባሩ ተደፍቷል። በሲዲ ረይሓን ሆስፒታል ከበሽተኛ ገላ የተቆረጠ ነገር ሁሉ ወደዚህ ክፍል ይመጣል። በማይክሮስኮፕ አይቶ "ካንሰር ነው፣ አይደለም" ብሎ የሚፈርደው እሱ ነበር። ከበር ጎንበስ ብሎ የሚገባ ረጅም ሰው። ክፍሉ ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚነከርበት ፎርማሊን ይሸታል፤ የረስላን ዓይን ወዲያው እንባ አቀረረ።

"ታለቅሳለህ እንዴ?" አለ ሻለቃ ታሚም ከኋላው። ዕድሜው ሠላሳ አንድ ነው፤ ከአካዳሚ የወጣ፣ ሽቶው ቀድሞት የሚገባ። "አትድከም። ሰውየው ተይዟል። አሥር ሰዓት ላይ ለዐቃቤ ሕጉ አስረክበዋለሁ። አንተ ወረቀቱን ብቻ ጻፍ።"

"ማን ነው የተያዘው ጌታዬ?"

"ተላላኪው። ያ ሽማግሌ፣ ባልዲ የሚያመላልሰው።"

ረስላን ሰዓቱን አየ። ሰባት ተኩል ሆኗል። ፖርት ሳይድ ውስጥ ሐኪም የገደለ ሽማግሌ ተላላኪ መጨረሻው ገመድ ነው። ከዚያ የሚለየው ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው።

"ጌታዬ፣ ወረቀቱን ለመጻፍ ሰዎቹን ላናግር?"

"አናግር። ግን አታርዝመው።"

ሻለቃው ስልኩን እየነካካ ወጣ። ረስላን በመደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን ብልቃጦች ተመለከተ። እያንዳንዱ ቁጥር ተለጥፎበታል። በ417 እና በ419 መካከል በአቧራው ላይ ክብ ምልክት ቀርቷል። ማይክሮስኮፑ ፊት ደግሞ የሚሽከረከር በርጩማ ነበር፤ እስከ ጫፉ ድረስ ተሽከርክሮ ከፍ ብሏል። ረስላን አጭር ሰው ነው። ቢቀመጥበት ልክ ለእሱ ሆነ። ከዚያ የሟቹን እግር ርዝመት አየ።

ተላላኪው አጎት ረጀብ በዘበኛው ክፍል በካቴና ተቀምጧል። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ከኦፕሬሽን ክፍል የተቆረጠ ሥጋ በባልዲ ወደ ላብራቶሪ፣ የተጻፈ ውጤት ደግሞ ወደ ኦፕሬሽን ክፍል ሲያመላልስ ኖሯል። አንድ ጆሮው አይሰማም።

"አጎቴ፣ እጅጌዎት ላይ ደም አለ።"

"ልጄ፣ የእኔ እጅጌ ደም የሌለበትን ቀን ካገኘህ ያኔ ጠርጥረኝ።"

"ባለፈው ሳምንት ዶክተሩ በጥፊ መታዎት ይላሉ።"

ሽማግሌው ወደ መሬት አየ። "ብልቃጥ ሰብሬ ነበር። በሰው ፊት ነው የመታኝ። ታዲያ በጥፊ የተመታ ሁሉ ቢገድል ኖሮ በዚህ አገር ሐኪም ይተርፍ ነበር? አለቃስ ይተርፍ ነበር?"

ረስላን ጉንጩን ዳሰሰ። እሱንም አንድ ልጅ እግር መኮንን በጀልባው መሻገሪያ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ባልሠራው ጥፋት በጥፊ መትቶት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ቀኑ ማክሰኞ እንደነበረ እንኳ አልረሳም።

"ዛሬ የሠሩትን ይንገሩኝ።"

"ከአምስት ተኩል ጀምሮ ኦፕሬሽን በር ላይ ተቀምጬ ነበር። ነርሶቹ ሁሉ አይተውኛል። ስድስት ሰዓት ከአምስት ላይ ቁራጯን ሰጡኝ፤ ወስጄ በመስኮቱ ለላብራቶሪው ቴክኒሻን ለማምዱህ አቀበልኩት። ስድስት ተኩል ላይ የተጻፈውን ውጤት ልቀበል ተመለስኩ፤ መስኮቱ ላይ ሰው የለም። የዶክተሩን በር ከፈትኩ። ወድቆ አየሁት።"

"ለምን አልጮኹም?"

"የእኔ ዓይነት ሰው ሬሳ ካገኘ ገዳዩ እሱ ነው። ሮጥኩ። የጽዳቷ ሴትዮ ስሮጥ አየችኝ። ይኸው በሥልጣን ያላችሁት ደግሞ አላሳፈራችሁኝም።"

ቀዶ ሐኪሟ ዶክተር ፋይዛ ከኦፕሬሽን ክፍሉ አጠገብ ባለች ጠባብ ቢሮ ቀዝቃዛ ሻይ ይዛ ተቀምጣለች። የጭንብሉ ገመድ ጉንጯ ላይ መስመር አስምሯል።

"የሞተው ስድስት ሰዓት ከሃያ አምስት በኋላ ነው፤ ለሻለቃውም ነግሬዋለሁ" አለች። "በዚያ ሰዓት በስልክ አነጋግሮኛል።"

"ምን ብሎ?"

"የሠላሳ አራት ዓመት ሴት አልጋ ላይ ነበረች። ጡቷ ውስጥ እብጠት። ቁራጭ ላክሁለት። እሱ አቀዝቅዞ፣ ቆርጦ፣ ቀለም ነክሮ እስኪያይልኝ ድረስ እጄን አጣጥፌ ቆሜ መጠበቅ ነው። ሴትየዋ ተከፍታ ተኝታለች። ነርሷ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ያዘችልኝ። 'ካንሰር ነው፣ አውጪው' አለኝ። አወጣሁት።"

"በአንድ ቃል?"

"ሃምሳ አለቃ፣ እኔ የራጅ ሐኪሙ ቁረጪ ያለኝ ቦታ ላይ እቆርጣለሁ። ሹክረላህ ተይ ሲለኝ እተዋለሁ። በሁለቱ መካከል እኔ እጅ ነኝ።"

"ድምፁ የእሱ ነበር?"

"ስድስት ዓመት የሰማሁት ድምፅ ነው።"

"ፊት ለፊትስ ታወሩ ነበር?"

ሻይዋን አስቀመጠች። "እሱ ከማን ጋር ያወራል? ኮሪደር ላይ ካገኘሁት ራሱን ነቅነቅ ያደርግልኛል፤ አንዳንዴም ሳያየኝ ያልፋል። ኩራት ነው እንግዲህ።"

ረስላን ብልቃጥ 418 ምን እንደሆነ ጠየቃት። አላወቀችም። ግን ከስድስት ሳምንት በፊት ያወጣችውን ኩላሊት ውጤት እስካሁን አለማግኘቷን ስትናገር ድምፏ ተለወጠ። ከሪማ የምትባል የመረብ ጠጋኝ ኩላሊት ነበር። ሴትየዋ ከዚያ ወዲህ አልዳነችም፤ በሳምንት ሦስት ቀን ደሟ በማሽን ይታጠባል። ሹክረላህ "ሐሙስ ለኮሚቴው አቀርበዋለሁ" ብሎ በወረቀት ልኮላት ነበር።

ረስላን በልቡ፣ ጥፋቱ የእሷ ከሆነ ለመግደል የሚበቃ ምክንያት ነው፣ አለ። ነገር ግን ከአምስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ከስድስት ሰዎች መካከል ወጥታ አታውቅም። ያች በር ተዘጋች።

የራጅ ሐኪሙ ዶክተር ሻሂር የሚሠራው ከሥር ባለው ፎቅ ነው። ጥር ወር ሆኖ፣ ቀዝቃዛው ነፋስ መርከብ ከሚያልፍበት ቦይ እየነፈሰ፣ መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፍቶታል። ክፍሉ በጽጌረዳ ሽቶ ተረጭቷል። ከግድግዳው ላይ የራጅ ጨረር የሚከላከሉ ከባድ የእርሳስ ሽርጦች ተሰቅለዋል። ረስላን ገና እንደገባ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ነፋሱን ረገመ።

"ተቀመጥ አላልኩህም" አለ ሻሂር።

"ለመቀመጥ አልመጣሁም ዶክተር። ስድስት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ የት እንደነበሩ ብቻ ይንገሩኝ።"

"ከካይሮ የመጡ አምስት እንግዶች አዲሱን ማሽን ሳሳያቸው ነበር። ከስድስት ሰዓት እስከ ሰባት ሩብ። ስማቸውን ልጻፍልህ ወይስ ማንበብ ይቸግርሃል?"

"ይጻፉልኝ። ማንበብ አይቸግረኝም፤ ሌላው ነው የሚቸግረኝ።"

"ምንድን ነው ሌላው?"

"የሰው ንቀት። ሲደጋገም ሆድ ይነፋል።"

ሻሂር ሳቀና ስሞቹን ጻፈለት። ወረቀቱን ሲያቀብለው እጁ ነጭና ንጹሕ ነበር፤ በሁለት ጣቶቹ ጫፍ ላይ ብቻ ቆዳው ተኮማትሮ፣ ልብስ ሲያጥብ እንደዋለ ሰው ጣት ደርቆ ነበር።

ረስላን ደረጃውን ሲወጣ ስምንት ሰዓት ከሩብ ሆነ። ሁሉም ያለበትን የተናገረው ከስድስት ሰዓት ከሃያ አምስት ወዲህ ያለውን ብቻ ነው። የአስከሬን መርማሪው ግን ያለው ሌላ ነው፦ "ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ትንሽ ወዲያ ቢሆን ወይ ወዲህ።" ያችን ወዲህና ወዲያ የዘጋት ለፋይዛ የተደወለው ስልክ ብቻ ነው። ስልኩን ከሟቹ ሌላ ማን ሊደውል ይችላል? ሥጋው በስሱ የተነጠፈበትን መስታወት አንብቦ ካንሰር ነው ማለት የሚችል ሐኪም በሆስፒታሉ ሌላ የለም። ይህን ሁሉም ሰው፣ ሽማግሌው ረጀብ ሳይቀር፣ እንደ ጸሎት ይደግመዋል።

ላብራቶሪው ውስጥ ቴክኒሻኑን ማምዱህን ወለል ሲወለውል አገኘው። ሥጋውን የሚያቀዘቅዘውና በስሱ የሚቆርጠው እሱ ነው። አርባ ዓመት የሚሆነው ቀጭን ሰው፣ ቁመቱ የረስላን ያህል።

"ማን ወልውል አለህ?"

"ልማድ ነው ወንድሜ። ሥራ ፈትቼ መቀመጥ አልችልም።"

"የውጤት መዝገቡን አምጣልኝ።"

ረስላን ገለጠ። ከሰባት ዓመት በፊት የነበሩት ፊርማዎች ከመስመሩ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ከዚያ ቀስ እያሉ መውረድ ጀመሩ። ያለፉት ሁለት ዓመታት ፊርማዎች ከመስመሩ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብለው፣ አንዳንዶቹም ከገጹ ጠርዝ ወጥተው ግማሽ ቀርተዋል። ሰው በጨለማ እንደፈረመ። ጽሑፉ ግን ያው ነው፤ ጥርት ያለ፣ ደቃቅ፣ የአንድ ሰው የእጅ ጽሑፍ።

ይህን ዓይነት ወረቀት ረስላን ያውቀዋል። ጣቢያው ውስጥ ያሉት መዝገቦች ሁሉ እንደዚህ ናቸው። ከላይ ያለው ጽሑፍ የእሱ፣ ከግርጌ ያለው ፊርማ የሌላ። ሐኪሞቹ ያላዩትን እሱ ያየው ብልህ ስለሆነ አይደለም። ከላይ ጻፊ ሆኖ የኖረ ስለሆነ ነው።

ወደ ዶክተር ፋይዛ ቢሮ ተመልሶ፣ "ዶክተር፣ የኦፕሬሽን ክፍሉን ስልክ እንደ ቅድሙ ጆሮዎ ላይ ይያዙልኝ። መስመሩን ልፈትን ነው" አላት። ከዚያ ወረደና ማምዱህን ወደ ሟቹ ክፍል ጠርቶ፣ ከጠረጴዛው ስልኩን አንሥቶ ደወለ። ስታነሣ፣ ምንም ሳይናገር እጀታውን ለማምዱህ ዘረጋለት።

"ዶክተር ፋይዛ ናት። መስታወቱ ፖሊስ ዘንድ እንደሚቆይ ንገራት።"

"አንተ ንገራት።"

"እኔ ማን ነኝ? ያንተ ዕቃ ነው።"

ማምዱህ እጀታውን ተቀበለ። "ዶክተር ፋይዛ፣ መስታወቱ ፖሊስ ዘንድ ይቆያል" አለ።

ከቦዩ አንድ መርከብ ረዥም ጡሩንባ ነፋ። ከዚያ የፋይዛ ድምፅ፣ ቀጭንና የፈራ፣ ከእጀታው ወጣ።

"ማን ነው? ዶክተር ሹክረላህ ነህ?"

ማምዱህ እጀታውን ቀስ ብሎ ሰቀለው። በርጩማው ላይ ሲቀመጥ፣ በርጩማው ለእሱም ልክ ሆነ።

"ስንት ዓመት ነው?" አለ ረስላን።

"ስድስት። ስኳር ዓይኑን በላው። መጀመሪያ 'ማምዱህ፣ ይህን ጥግ እየው' ይለኝ ነበር። ቀጥሎ 'ምን ትላለህ?' ማለት ጀመረ። በኋላ እኔ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ፣ በስልክም እኔው እናገራለሁ፣ እሱ ይፈርማል። ያስተማረኝ እሱ ነው። ጥፊውም ከክፋት አይደለም፤ ረጀብን የመታው ብልቃጡ ሲሰበር ሰምቶ ማን እንደሰበረው ስላላየ ነው፤ እንዳያውቁበት ፈርቶ። ወላሂ ማታውን አለቀሰ።"

"ዛሬስ?"

"የማቀዝቀዣው ማሽን ከረፋዱ ጀምሮ ይጮኻል፤ ምንም አይሰማም። ስድስት ሩብ ላይ መስታወቱን ይዤ ስገባ ወድቋል። ትንፋሽ የለም። ስልኩ ይጮኻል፤ ኦፕሬሽን ክፍል ነው። ሴትየዋ ተከፍታ ተኝታለች። ብጮኽ ክፍሉ ይታሸጋል፤ የሚያነብ ሐኪም ያለው ኢስማኢሊያ ከተማ ነው። ሰፍተው ሊመልሷት ነው፣ ከሳምንት በኋላ እንደገና ሊከፍቷት ነው።" በእጁ ፊቱን ጠረገ። "እግሩን ተሻግሬ ተቀመጥኩ። አነበብኩ። ሁለቴ አነበብኩ። ደወልኩ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አስታወኩ። ስወጣ ነው የጮኽኩት።"

"ረጀብ ሲያዝ ለምን ዝም አልክ?"

"ብናገር ያለ ፈቃድ ሐኪም ሆኛለሁ፤ እስር ነው። የስድስት ዓመት ወረቀት ሁሉ ውሸት ሊባል ነው።" ቀና አለ። "ግን እስከ አሥር ሰዓት ብቻ ነበር ዝም የምለው። ብታምነኝም ባታምነኝም።"

ረስላን ሰዓቱን አየ። የገደለውስ አንተ ብትሆን፣ ብሎ አሰበ። ግን የሞቱ ሰዓት ሲገፋ ሁሉም ነገር አብሮ ተገፍቶ ነበር፤ አሁን ወደ ቦታው ሲመለስ ረጀብ በነርሶች ፊት ተቀምጦ ይገኛል። ሌላው ደግሞ፣ አምስት እንግዳ የቆጠረው፣ ከስድስት ሰዓት በፊት ምንም እንግዳ የለውም።

"418 ምንድን ነው?"

"የከሪማ ኩላሊት። ጤነኛ ኩላሊት ነው። የታመመው ግራው ነበር፤ ዶክተር ሻሂር ፊልሙን ሳያይ ቀኝ ብሎ ጻፈ። ዶክተር ፋይዛ እሱን አምና ቀኙን አወጣች። ያገኘሁት እኔ ነኝ። የጻፍኩትም እኔ።"

"ሻሂር ግን የሚያውቀው ፊርማውን ነው።"

"አዎ" አለ ማምዱህ። "ፊርማውን ነው የገደለው። ያነበበው ዓይን በሩ ማዶ ነበር።"

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ረስላን ሁለት ፖሊስ ይዞ ከሥር ወዳለው ፎቅ ወረደ። ሆስፒታሉ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ በሩ ተዘግቷል፤ የወጣ ሰው የለም። ሻሂር መስኮቱን አሁንም አልዘጋም።

"ደግሞ መጣህ? አሁን ደግሞ ምን ልጻፍልህ?"

"አምስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ የት እንደነበሩ።"

"ስድስት ከሃያ አምስት ላይ ብለህ ነበር የጠየቅኸኝ።"

"ያኔ አላዋቂ ነበርኩ ዶክተር። እስቲ መስኮቱን ዝጉት" አለ ለፖሊሶቹ።

ዘጉት። ረስላን በክፍሉ መካከል ቆሞ ጠበቀ። ነፋሱ ቆመ፤ የጽጌረዳው ሽቶ ወደ ታች ሰከነ፤ ከሥሩ ሌላው ሽታ ወጣ። ዓይኑ እንደገና እንባ አቀረረ። የፖሊሶቹም እንደዚያው።

"ቀድሞም ነፋሱን በሐሰት ረግሜ ነበር" አለና ወደ እርሳሱ ሽርጦች ሄደ። የመጨረሻውን ሲያነሣ ክንዱን ከበደው። ከሥሩ፣ ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ፣ ክዳኑ የላላ ብልቃጥ ተቀምጧል። 418። ፎርማሊኑ በጠርዙ ፈስሶ ወለሉን አርጥቧል። ውስጡ አንዲት የመረብ ጠጋኝ ያጣችው ነገር፣ ጡጫ የሚያክል፣ ቡናማ፣ ተንሳፍፏል።

ሻሂር ጣቶቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

"ልገድለው አልሄድኩም" አለ። "ወረቀቱን እንዲቀድልኝ ለመንኩት። 'የፈረምኩትን አልቀድም' አለኝ። ፊቴን እንኳ አላየኝም፤ ግድግዳውን እያየ ነበር የሚናገረኝ። ንቀት መሰለኝ።"

"ስለማያይ ነው" አለ ረስላን። "እሱ ዓይኑ ጠፍቶ የሌላ ሰው ዓይን ተዋሰ። እርስዎ ሁለት ዓይን እያለዎት አንዱንም አልተጠቀሙም።"

አሥር ሰዓት ሲሆን ረጀብ ከካቴና ወጣ። የእጁን አንጓ እያሸ፣ "ሥራ ገበታዬ ላይ አይደለም ብለው ጽፈውብኝ እንዳይሆን" አለ። ማንም ይቅርታ አልጠየቀውም፤ እሱም የጠበቀ አይመስልም።

ሻለቃ ታሚም ደስ ብሎታል። "ሐኪም ሐኪምን ገደለ። ጥሩ ነው፤ ጋዜጣ ይወጣል። ቴክኒሻኑንም አስገባው፤ ወንጀል በመደበቅና ያለ ፈቃድ በማከም። ከአንድ ሁለት ይሻላል። ጠዋት አምጣልኝና እፈርማለሁ።"

"እሺ ጌታዬ።"

ረስላን ወረቀቱን በዚያው ምሽት አልጻፈውም። ጠዋት ድረስ ጠበቀ። ዶክተር ፋይዛ መስታወቱን ከእሱ ተቀብላ ራሷ ኢስማኢሊያ ሄዳ ነበር፤ በአንድ ቴክኒሻን ቃል የሰው ገላ መቁረጧን ካወቀች ወዲህ መቀመጥ አልቻለችም። ሁለት ሰዓት ላይ ደወለችለት።

"ካንሰር ነው" አለች። "ቃል በቃል እንዳለው።" ከዚያ ቀጠለች። "ሃምሳ አለቃ፣ ሌሎቹንም ወረቀቶች እያስመረመርኩ ነው። እስካሁን አርባ አየን። አንድም አልሳተም። ከዛሬ ጀምሮ ማን ያነብልኛል?"

ረስላን ስልኩን ዘጋ። ተቀመጠና ጻፈ። ሻሂርን ጻፈ፣ ብልቃጡን ጻፈ፣ ረጀብ ኦፕሬሽን በር ላይ ተቀምጦ እንደነበር ጻፈ። ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ በላይ ደግሞ እንዲህ ሲል ጨመረ፦

"ቴክኒሻን ማምዱህ አስከሬኑን አይቶ ለሃያ አምስት ደቂቃ ዝም ያለው አልጋ ላይ ተከፍታ የምትጠብቅ ሴት ስለነበረች ነው። ያነበበው ትክክል መሆኑ በኢስማኢሊያ ሐኪሞች ተረጋግጧል። እውነተኛውን ሰዓት የሰጠን፣ አንድን ንጹሕ ሰው ከሞት ያዳነውም የእሱ ቃል ነው። እኔ መርማሪው ሊከሰስ አይገባም እላለሁ።"

ሻለቃ ታሚም መኪናው ውስጥ ስልክ ይዞ ይስቅ ነበር። ረስላን ወረቀቱን በመስኮቱ አቀበለው።

"ያልኩህ ሁሉ አለ?"

"የሚያስፈልገው ሁሉ አለ ጌታዬ።"

ሻለቃው ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መካከል ቆንጥጦ፣ ዓይኑ የጀልባው መሻገሪያ ላይ ከሚያልፉት ሴቶች ሳይነሣ፣ ብዕሩን አሳረፈ። ፊርማው ከመስመሩ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ወረደ።

ረስላን ወረቀቱን ተቀብሎ አጠፈው፤ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና እሱው ራሱ፣ በእግሩ፣ ወደ ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ይዞት ሄደ።